አያ ጅቦና ፈጣኗ ሜሞሪ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ሆነ። መቼም ጅብን ለሠርግ የሚጠራ የለም፤ እመት አህዪት ግን የልጇን ሠርግ እንዲቀርጽላት እሱን መረጠች። ዘመዶቿ «ለጅብ? አበድሽ እንዴ?» ቢሏት «ጎረቤቴ ነው» አለቻቸው። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ሆዱ ባባ፤ ከጅብ ዘር አህያ ያመነችው እሱን ብቻ ነበርና። ቪዲዮው ለመልሱ ዕለት መድረስ ነበረበት፤ ኮምፒውተሩ ግን እያቃሰተ አላሠራ አለው።

ወደ እመት ቀበሮ ሱቅ ሮጠ።

«ኮምፒውተሬን የምታፈጥን ሜሞሪ ስጪኝ!»

«ማሽንህ ላይ ካለችው ጋር የምትስማማ አለችኝ፤ ረጋ ያለች ናት።»

«እኔ የምፈልገው ትልቁ የፍጥነት ቁጥር የተጻፈባትን ነው!» ዓይኑ ያረፈው ጎድን ጎድን የሚመስል ብረት በለበሰችው ላይ ነበር። ምራቁን ዋጠ።

ቀበሮ ፈገግ አለች፤ ያቺ ሜሞሪ ገዢ አጥታ ከርማለች። «እንደወደድክ፣ አያ ጅቦ። ማሽኑ ከጨለመብህ ከውስጡ ትንሿን ክብ ባትሪ አውጥተህ መልሳት፤ ያዘዝከውን ሁሉ ይረሳል።»

ቤቱ ገብቶ አዲሷን ከአሮጌዋ ጎን ቀጭ እስክትል ሰካት። ከዚያ የማሽኑን ቅንብር ከፍቶ የሁለቱን ፍጥነት እስከ ጥግ ሰቀለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ስክሪኑ ድርግም አለ።

ባትሪዋን ሊያወጣ መዳፉን ሰደደና ደነገጠ። «ሁሉን ከረሳ ሠርጉንም ይረሳል!» ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው። ጅብ ሲያለቅስ ሰፈሩ ሁሉ በሩን ይዘጋል፤ እመት አህዪት ግን መጣች።

«መብራት ጠፍቶ ነው» ቢላት ማን ይጠረጥረዋል? እሱ ግን «እመት አህዪት፣ ስግብግብነቴ ሠርግሽን በላው» አላትና ስለ ሁለቱ ሜሞሪዎችም ስለ ባትሪዋም ሁሉን ነገራት።

ጆሮዋን ቀሰረች። «ሠርጉን ያስቀመጥከው ባትሪዋ ውስጥ ነው?»

«ኧረ ዲስኩ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? አውጣት! ደግሞ እኔን አንዴ ከበሬ ጋር ጠምደውኝ ያውቃሉ። በበሬው አቅም ሲነዱን እኔ ወደቅኩ፣ በሬውም ቆመ። እነዚህን ሁለት ሜሞሪዎችም በአሮጊቷ እርምጃ አስኪዳቸው።»

ባትሪዋ ወጥታ ተመለሰች። ማሽኑ ያን ያበደ ፍጥነት ረሳ፤ ሠርጉን አልረሳም። ሁለቱ ሜሞሪዎች በአሮጌዋ ፍጥነት ሸክሙን ተካፈሉት፤ ማቃሰቱ ቀረ፣ ቪዲዮውም ለመልሱ ደረሰ።

በመልሱ ዕለት አህዮቹ ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቪዲዮውን ትተው ጅቡን ሲጠብቁ ዋሉ። እመት አህዪት ግን ሄዳ ከፊቱ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ቪዲዮው እስኪያልቅ አንዴም ዞራ አላየችም።

ከዚህ የምንማረው አብረው የተጠመዱ ሁለት በደካማው እርምጃ ካልሄዱ ሁለቱም እንደሚቆሙ፣ ጥፋቱን ያመነ ጅብም ከሚዋሽ በግ ይልቅ እንደሚታመን ነው።