አያ ጅቦ ያጠረው አጥር

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ደግነትን በስብሰባ ሊጀምሩት በተማማሉበት ዘመን፣ በሾላ ሜዳ ዳር አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ባሏ ጨው ጭኖ ቆላ እንደወረደ ቀርቷል። ጎረቤቱ አክብሮ እሜት አህያ ይላታል፤ ከአክብሮቱ በቀር ያላት ሀብት አንዲት ጎጆ፣ ለክረምት ያስቀመጠችው አንድ ጆንያ ሽምብራና ያ ጆሮው ከቁመቱ የበለጠ ውርንጭላ ብቻ ነበር። የእሾህ አጥርም ነበራት። እሱን ግን የበልግ ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው።

ጅብ ባለበት አገር አጥር የሌለው ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። እሜት አህያ ያን ሰሞን ልጇን ከግድግዳው ለጥፋ በቁሟ ነበር የምታድረው። ቀን ደግሞ ትሸከማለች። እንቅልፍ አምሯት ነበር፣ ምስኪን።

ወሬው ከክበቡ ጆሮ ደረሰ። «የሾላ ሜዳ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትና የወዳጅነት ክበብ» ይባላል፤ ስሙን ጠርቶ ለመጨረስ ራሱ በጎ ፈቃድ ይጠይቃል። ሊቀመንበሩ ጌታው አንበሳ ናቸው። በምርጫው ሌላ ተወዳዳሪ አልቀረበም፤ ልቅረብ ያለውም ከዚያ ወዲህ አልታየም። ጸሐፊው ቀበሮ ነው። የወዳጅነት ክፍል ኃላፊው ደግሞ፣ ማን ይሆናል ብላችሁ ነው፣ አያ ጅቦ! ሁሉም ቢጫ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ ደግ ይመስላሉ።

ሥራቸውም አይናቅም። ኤሊን «ቤቷን ተሸክማ ስትንከራተት እስከ መቼ እንይ» ብለው በጀርባዋ ገልብጠው አሳርፈዋት ነበር፤ ጎረቤቷ በሬ መጥቶ በቀንዱ እስኪያቃናት ድረስ እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ አረፈች። ፍየል የታመመች ጊዜ ደግሞ አያ ጅቦ ብቻውን ሄዶ ጠየቃት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍየል ታመመች የሚል ወሬ ተሰምቶ አያውቅም።

እንግዲህ ይህ ክበብ ነው የእሜት አህያን አጥር ላጥር ያለው። እሷ በልቧ «ምነው በቀረባችሁ» ብትልም በአፏ ምን ትበል? ሊረዳ የመጣን መመለስ ነውር ነው። ደቦ የወጣን ሳያበሉ መስደድም ነውር ነው። ደቦውን የጠራችው እሷ አለመሆኗን ያስታወሰ አልነበረም።

በተባለው ጠዋት ክበቡ ከበሮ እያስመታ መጣ። ጌታው አንበሳ ስለ አጥር ጥቅም ንግግር አደረጉ፤ ጥላው ከወዲያ ወዲህ እስኪዞር ተናገሩ። ቀበሮ ግራር ሥር ጋደም ብሎ ሥራውን ያስተባብር ጀመር፤ ማስተባበር ማለት ሌላው ሲሸከም በጣት ማሳየት ነው። እሾሁንስ ማን ተሸከመ? እሷው ናታ! የበጎ ፈቃደኞች መዳፍ ለእሾህ አይሆንም። ከተሸከመችውም ግማሹ ለአጥሩ ሳይሆን ሊቀመንበሩ ለሚያልፉበት የክብር በር ዋለ፤ እሾሁም እዚያ ላይ አለቀ።

አያ ጅቦ ግን ሠራ፤ በሐሰት አይታማም። ከጎጆው ጀርባ ያለውን፣ ማንም የማያየውን በኩል ለእኔ ተዉት ብሎ ላቡ ጠብ እስኪል ደከመ። እሜት አህያ የመጨረሻ ሸክሟን አውርዳ ዞር ብትል፣ ከአጥሩ መሀል ክብ ቀዳዳ አየች። አያ ጅቦ በቀዳዳው ገባ፤ ወጣ። ሆዱን ትንሽ ስለጫረው ከዳር ከዳሩ እሾህ ነቀለና እንደገና ገባ፤ ወጣ። በሥራው የረካ ባለሙያ ይመስል ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መተንፈሻ ነው።»

«አጥር ይተነፍሳል እንዴ?»

«የድሮው አልተነፍስ ብሎ አይደል የወደቀብሽ?»

«አንተስ ምን ትገባ ትወጣለህ?»

«እኔ ያልሞከርኩትን ማን ሊሞክረው ነው?» አለና፣ በትከሻዋ አሻግሮ ውርንጭላውን አየት አድርጎ ምራቁን ዋጠ።

እሜት አህያ ወደ ቀበሮ ሄዳ ቀዳዳ ተትቶብኛል አለችው። ቀበሮ አስተያየቷን በአክብሮት እንደሚቀበል፣ ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው ስብሰባም እንደሚታይ ነገራት። እስከዚያ ራሴ በሆነ ነገር ልድፈነው ብትል ደግሞ፣ በክበቡ የተሠራ ሥራ ሳይመረቅ እጅ አይነካውም አላት። ምረቃው መቼ ነው? ነገ ጠዋት። ዛሬ ማታስ? ዛሬ ማታማ ማንም ሥራ የለውም አላት፤ ከአያ ጅቦ በቀር ማለቱ እንደሆነ እንጃ። ወደ ጌታው አንበሳ ብትሄድ እሳቸው ጭራሽ አዘኑባት። በገዛ ፈቃዱ ሊረዳ የመጣን ወንድም መጠርጠር ከአንድ ተረጂ አይጠበቅም ብለው፣ ለመሆኑ ምሳው ደርሷል ወይ ሲሉ ጠየቋት።

ይሄኔ ነው እሜት አህያ ዝም ያለችው። አህያ ዝም ስትል አገሩ ሁሉ የተስማማች ይመስለዋል። እሷ ግን የቀዳዳውን ስፋትና የአያ ጅቦን ሆድ በዓይኗ እያመላለሰች ነበር። ሆዱ ጠዋት ሳይቀምስ መጥቶ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፤ ቀዳዳውም የተለካው በዚህ ሆድ ነው። ትዝ አላት፤ አንድ ክረምት የጫነችው ሽምብራ ዝናብ ጠጥቶ እዚያው ጀርባዋ ላይ ጆንያውን ተርትሮታል። የቀራት ጆንያ አንድ ነው፤ ባዶ ከሆነ ክረምቱን የሚበላ የለም። ልጇ ከተበላ ግን ክረምቱስ ለምኗ ነው? ጆንያውን ጎትታ አወጣች።

በክበቡ ደንብ ከአገልግሎት በኋላ ወዳጅነት ይከተላል፤ ወዳጅነት ማለት መብላት ነው። ለጌታው አንበሳና ለቀበሮ ሽምብራውን ቆልታ አቀረበች። ጌታው አንበሳ እህል አይወዱም፤ ለወዳጅነት ሲሉ ግን ደጋግመው ዘገኑ። አያ ጅቦ እስኪቆላ ድረስ መታገስ አልቻለም።

«አንተማ የደከምክ ነህ» አለችው እሜት አህያ፣ ጥሬውን በቁና እየዘረገፈችለት። «አጥሬን ያጠርከው አንተ ነህ። ብላልኝ፣ በሞቴ!»

አያ ጅቦ በሞቴ ተብሎ እንቢ የሚል ዓይነት አይደለም። ሳይሉትም አይልም። ቁናው ባዶ ሲሆን ደገመችለት። ትንፋሽ ሲያጥረው «እኔ አፈር ስሆን ይቺን ብቻ» አለችው፤ ይቺኑ ብቻ ሦስቴ በላ። ከዚያ የባሏን አሮጌ ጠፍር ከግድግዳው አውርዳ ሰጠችው፤ ማስታወሻ ነበር፣ እንደ ቋንጣ ቆረጣጠመው። በመጨረሻም ቅል ሙሉ ውሃ ደጋግማ አጠጣችው። ቀበሮ ይህን አይቶ ተረጂዎች ሁሉ እንደሷ ቢሆኑ ኖሮ ክበቡ የት በደረሰ ነበር አለ። ጆንያው ተራግፎ ሲያልቅ እንግዶቹ መርቀዋት፣ ዘፍነው ሄዱ።

ጀምበር እንደገባች ከጎጆው ጀርባ እሾህ ተንኮሻኮሸ። እሜት አህያ ልጇን ከኋላዋ አድርጋ ጠበቀች። የአያ ጅቦ ጭንቅላት በቀዳዳው ብቅ አለ፤ አንገቱም ትከሻውም ያለ ችግር ገቡ። ሆዱ ላይ ሲደርስ ቀጥ። ወደፊት ቢል እሾህ፣ ወደኋላ ቢል እሾህ። ሽምብራው ውሃውን ጠጥቶ ሥራውን ጨርሷል።

«ማነህ?» አለችው፣ እያወቀችው።

«እኔ ነኝ፣ ከክበቡ። ለክትትል መጥቼ ነው።»

«በምሽት?»

«በጎ ሥራ ሰዓት የለውም፣ እሜት አህያ» አለ አያ ጅቦ፤ ዓይኑን ግን ከውርንጭላው ላይ አልነቀለም።

ያን ምሽት ሁለቱም ሲፋጠጡ አደሩ። ሊነጋጋ ሲል ግን እሜት አህያን አዲስ ፍርሃት ያዛት። የተነፋው ሆድ እየጎደለ ነው። አያ ጅቦ ጣት በጣት ወደ ውስጥ እየገባ ነው። በስንት ድካም ያጠበበችውን ቀዳዳ የሆዱ መጉደል ሊያሰፋው ነው። ጎረቤት ይሰማ እንደሆነ ብላ ጮኸች።

የደረሰላት ክበቡ ነው። ለምረቃው በጠዋት ተነስተው ከበሯቸውን ይዘው ነበርና በአጥሩ ውጭ በኩል ዞረው ሲመጡ የአያ ጅቦን የኋላ እግርና ጭራ አገኙ። ጅብ በአህያ አጥር ውስጥ ተወትፎ ሲገኝ ምን ይባላል? እኔና እናንተ የምንለውን እናውቃለን። ቀበሮ ግን በከንቱ ጸሐፊ አልተባለም።

«ተመልከቱ!» አለ ድምፁን አሳዝኖ። «ቀዳዳ መኖሩን ሲሰማ እንቅልፍ አልወሰደውም። እሾህ ቢያጣ በገላው ደፍኖላት አደረ!»

ጌታው አንበሳ እንባ መጣባቸው። አያ ጅቦ ወዲያው ይሸለም ተባለ። ክበቡ በኩል የነበረው ወገኑ የኋላው ብቻ ስለሆነ ሽልማቱ፣ አንድ ቢጫ ጥብጣብ፣ ጭራው ላይ ታሰረ። ጌታው አንበሳና ቀበሮ ከጭራው ሥር ቆመው ስለ መስዋዕትነት ንግግር ጀመሩ። ንግግሩ በረዘመ ቁጥር ወዲያ በኩል ሆዱ እየሟሸሸ፣ ጭንቅላቱ ወደ ውርንጭላው እየቀረበ ነው። ቀበሮ ንግግሩን ቋጭቶ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አደረገና ተረጂዋ ለክበቡ ምስጋና እንድታቀርብ ጋበዛት።

«እኔ አፌ ለምስጋና አልተገራም» አለች እሜት አህያ። «በለመድኩት ላቅርብ?»

ጌታው አንበሳ ከውጭ ሆነው እንደ ባህልሽ አሏት። እሜት አህያም ዞረች፤ የባሏን ጠፍር አሰበች፣ ባዶ ጆንያዋን አሰበች፣ ልጇን አየችና በሁለት የኋላ እግሯ አመሰገነች። ምስጋናው የአያ ጅቦን ግንባር አገኘው። አያ ጅቦ እሾህና ጠጉር እየበተነ ከቀዳዳው ወደኋላ ተስፈንጥሮ ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ላይ አረፈ፤ ሦስቱም እየተንከባለሉ ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው ገደል ወረዱ። በኋላ እንደሰማነው፣ በክበቡ መዝገብ «ተረጂዋ በከፍተኛ ስሜት አመሰገነች» ተብሎ ሰፍሯል።

አቧራው ሲረጋ በሬ መጣ። ጩኸቷን ሰምቶ ነው፤ በቀንዱ የእሾህ ችፍርግ ተሸክሟል፤ አንገቱ ላይም የራሱን ስንቅ አንጠልጥሏል። ሰደርያ የለውም። ከኋላው ኤሊ አንዲት የግራር ቅርንጫፍ በአፏ እየጎተተች ብቅ አለች፤ አጥሩ የወደቀ ዕለት ነው ከሰፈሯ የተነሳችው፣ ገና አሁን መድረሷ ነው። ማንም ንግግር አላደረገም። በሬው ቀዳዳውን ደፈነ፣ ኤሊ ቅርንጫፏን ከታች ሰካች። የክብር በሩንም አፍርሰው ለአጥሩ አዋሉት። እሜት አህያ የማበላችሁ የለኝም ብላ ስታፍር፣ በሬው ስንቁን ፈትቶ መሬት ላይ ዘረገፈና ለአራት ተካፈሉት። ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ ተኛች፤ ስታንኮራፋ እስከ ሾላው ድረስ ተሰማ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሊረዳን የመጣውን ሁሉ የሰደርያውን ቀለም ሳይሆን ስንቁን ከቤቱ ይዞ መምጣቱንና የተወውንም ቀዳዳ በማን ሆድ ልክ እንደለካው አይተን ማመስገን እንዳለብን ነው።