አንድ ጩኸት ብቻ የሚያውቀው ዘበኛ

አንድ ጊዜ፣ የክረምቱ ጉም በቀን እንኳ በማይገፈፍበት አገር፣ በጎችና በሬዎች በአንድ በረት ይኖሩ ነበር። ዘበኛቸው አህያ ነው። ማንም አላስተማረውም፤ ጠረን መለየት አብሮት የተወለደ ነው። እናንተዬ፣ በእኛም ደም ውስጥ እንዲህ ሳይማሩ የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ ይላሉ ሐኪሞቹ፤ ጉንፋኑንም ኩፍኙንም መጀመሪያ በር ላይ የሚገጥሙት እነሱ ናቸው። እንግዲህ የአህያው ነገር የእነሱም ነገር ነው።

አህያው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የእመት በጊቱን ግልገል ነበር። በጊቱ ሦስት ወልዳ ሁለቱ ሞተውባት፣ የቀረቻት እሷ ብቻ ናት።

አንድ ቀን ጅብ ሆዱ አላስችል ቢለው በእኩለ ቀን መጣ። ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ ግማቱ ደረሰ። አህያው አናፋ! በሬዎቹ ቀንዳቸውን ደግነው፣ አውራ በጎቹ ግንባራቸውን አስቀድመው ወጡበት። ጅብ ጎኑን ተወግቶ እያነከሰ ቀበሮ ዘንድ ደረሰ።

«እመት ቀበሮ፣ መምጣቴን ለአህያው ማን ነገረው? እኔ እንደሆን ለማንም አላወራሁም!»

«ግማትህ ቀድሞህ ነዋ፣ አያ ጅቦ። ሌባ እንደ ቤተኛ ሆኖ ነው የሚገባው።»

ቀበሮ ጠረናቸው እንዲይዛት በጎቹ በዋሉበት መስክ በጠጣቸው ላይ ተንከባለለች፤ እሾህ ላይ የቀረ ጸጉራቸውንም ገላዋ ላይ ለጠፈች። በማግስቱ በጉም ውስጥ መጣች። አህያው አሸተተ፤ በግ ነው። «እንደምን ዋልሽ» ብሎ አሳለፋት። ጉሙ ሳሳ ሲል ሁለት ጠቦቶች የሉም፤ ጭቃው ላይ የቀበሮ ዱካ ቀርቷል።

«ለጅብ ጊዜ አገር ታደነቁራለህ፣ ለዚህች ጊዜ ምላስህን ዋጥከው?» አለው በሬው።

«በግ በግ ሸተተችኝ፣ አያ በሬ።»

«እንግዲያ አፍንጫህ ምን ሊሠራልህ ነው? ከዛሬ ጀምሮ ውል ባለህ ቁጥር ጩህ!»

እመት በጊቱ ግን ጠጋ ብላ፣ «ልጄን አደራ» አለችው። ይህችው ቃል አንጀቱን በላችው። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ እንኳ ብድግ ይላል።

በሦስተኛው ቀን፣ ዝናብ ያባረራት ሽኮኮ ልትጠለል በአጥሩ ሥር ሾልካ ገባች። ምስኪን፣ ሣር ከመንጨት ሌላ ምን ታውቃለች? አህያው ግን ጠረኗ እንግዳ ቢሆንበት፣ ለጅብ ያናፋውን ያንኑ ጩኸት አናፋ። ሌላ ጩኸት የለውማ! በሬዎቹ በጉሙ ውስጥ ተደነባበሩ፤ ጠላቱ የቱ ጋ እንዳለ ያየ የለም። ወጉ፣ ረገጡ፣ አጥሩን ጣሉት።

ሁከቱ በረድ ሲል ሽኮኮዋ የለችም፤ አምልጣለች። እመት በጊቱ ግልገሏን ጭቃ ውስጥ አገኘቻት። ልሳ ልሳ ልታስነሳት ሞከረች፤ አልተነሳችም።

«ጅብ ነበር?» አለች ቀና ብላ።

«አይደለም።»

«ቀበሮዋ ናት?»

«ሽኮኮ ናት፣ እመት በጊቱ።»

ከዚያ ወዲያ በጎቹ የሚፈሩት ከውጭ የሚመጣውን ሳይሆን በር ላይ የቆመውን የራሳቸውን ዘበኛ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘበኛ የመጣውን ሁሉ እንደየአመጣጡ ካልመከተ፣ ዝምታው ለሌባ በር እንደሚከፍት፣ ቁጣውም ጠላት ያልነካውን የገዛ ቤቱን እንደሚያጠፋ ነው።