ስንጥቁን ያስጌጠ ተከራይ

አንድ ተከራይ ነበረ። ጾሙን አጥብቀህ፣ ምጽዋቱን አብዝተህ ሳለ ፍርሃቱ ለምን አልለቅህ እንዳለ እኔን የንስሐ አባትህን ጠይቀኸኛል፤ መልሴ የዚህ ሰው ነገር ነውና ሳታቋርጠኝ ስማ።

ሰውየው በአንድ ብርዳማ የደጋ ከተማ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። የተከራየው ቤት ያረጀ የድንጋይ ቤት ሲሆን፣ በሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ጭሱ በጣራ በኩል የሚወጣ ምድጃ ነበረው። አከራዩ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ፤ ቤቱንም በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። ቁልፉን ሲያስረክቡት አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁት፤ ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ከተሰነጠቀ ዛሬ ነገ ሳይል እንዲነግራቸው።

ሚስቱ ብርድ በጠናበት ወር ወንድ ልጅ ወለደች። አራስ ሙቀት ያስፈልጋታልና አልጋዋ ምድጃው አጠገብ ተዘረጋ፤ እሳቱም ሳይጠፋ ይነድ ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ከምድጃው በላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ።

ሰውየው ደነገጠ። እውነቱን ልንገርህ፣ የፈራው እሳቱን አይደለም፤ አከራዩን ነው። ብነግራቸው ቤቱን ለማደስ ፈልጌዋለሁ፣ ልቀቅ ይሉኛል፤ አራስ ይዤ የት እገባለሁ አለ። ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል፤ ስለ ፍርሃቱ አልፈርድበትም። የምፈርድበት ቀጥሎ ባደረገው ነው።

ስንጥቁን በጭቃ መርጎ ኖራ ቀባው። ኖራው በጥቂት ቀን ተሰነጠቀ። ከዚያ በላዩ የተጠረበ የእንጨት መደርደሪያ አስመታና ብርጭቆና የሠርጋቸውን ፎቶ ደረደረበት። ስንጥቁ ከመደርደሪያው አልፎ ሲወጣ ደግሞ ጥልፍ ያለው ወፍራም ጨርቅ ከኮርኒሱ እስከ ምድጃው አፍ ሰቀለ። አራስ ጥየቃ የመጣ ሁሉ ቤቱ አማረ እያለ አመሰገነው። እሱን ግን ሲመሰገን ላብ ያጠምቀው ነበር። እንግዳ ወደ ምድጃው በተጠጋ ቁጥር ቶሎ ብሎ ሌላ ወንበር ያቀርባል፤ ከግድግዳው ውስጥ ቋ የሚል ድምፅ ሲሰማ ምግቡን ትቶ ጆሮውን ይጥላል። ሚስቱ ለሽማግሌው እንንገራቸው ስትለው ክርስትናው ይለፍ እያለ ቀን ገፋ። በፈራ ቁጥር አንድ ጌጥ ይጨምራል።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። አከራዩም ተጠርተው ለድግሱ መጡ። ሰውየው ከምድጃው እጅግ በራቀ ወንበር አስቀመጣቸውና ዓይናቸው ወዴት እንደሚሄድ ይጠብቅ ጀመር። ቤቱ በእንግዳ እንደተሞላ የሚቃጠል እንጨት ሽታ መጣ። እንግዶቹ ከማድ ቤት መሰላቸው። ባልና ሚስቱ ግን ከየት እንደሆነ ያውቃሉ። ሰውየው ፈገግ ለማለት እየሞከረ ጠላ ሊቀዳ ተነሣ።

ያን ጊዜ ሚስቱ ሕፃኑን ለክርስትና አባቱ አስታቀፈችና ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ ጎትታ ጣለችው። ጨርቁ የነበረበት ግድግዳ ጠቁሯል፤ ከስንጥቁም ጭስ ይወጣል።

«ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ ከተሰነጠቀ ወር አለፈው» አለች። «ያስወጡናል ብለን ደብቀንዎት ነው።»

ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ምድጃው ሄዱ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ወዲያው አነሡ። ሰዉን ሁሉ ከነሕፃኑ አስወጡ፣ እሳቱን በውኃ አስጠፉ፣ በስንጥቁ በኩል ድንጋዮቹን ነቀሉ። ጣራውን የተሸከመው አግዳሚ ግንድ ውስጥ ውስጡን ከሰል ሆኗል። ያልነደደው ሦስት ጣት አይሞላም። ከግንዱ ሥር የነበረው የአራሷ አልጋ ነው።

«ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉት ሰውየውን። «ያን ጊዜ ብትነግረኝ የአንድ ቀን ሥራ ነበር።»

ሰውየው አልጋውን እያየ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ተከራዩ አንተ ነህ፤ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ደግሞ እኔ አልነግርህም። ጾምህና ምጽዋትህ መልካም ናቸው፤ መደርደሪያውም መልካም እንጨት ነበር። አንተ ግን የምታበዛቸው ያችን አንዲት ነገር ላለመናገር ነው፤ ስለዚህ በጨመርህ ቁጥር ፍርሃትህ ይጨምራል። ነገሪቱ ምን እንደሆነች አላውቅም። ስንት ዓመት እየመጣህ ስለ ሌላው ሁሉ አውርተኸኛል፤ ስለ እርሷ ግን አንድ ቀን አልተነፈስህም። ያ ሰው ሚስት ነበረችው፣ አይታ ገለጠችለት። ያንተን ከአንተ በቀር ያየ ሰው የለም። እኔም እንቅልፍ የማጣው በዚህ ነው። በል አሁን ንገረኝ።