የእማዋይሽ ላፕቶፕ ደጅ ጥናት

ጆሯችሁን አቅርቡ፣ ስልካችሁን አርቁ፤ ተረት ላወራ ነው። «የመሠረት» የሚለኝ ከሌለ ግን አልጀምርም። አላችሁ? ጎበዞች!

እማዋይሽ የምትባል መምህርት ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ገጠር አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ክረምት ሲመጣ እኛ ዩኒቨርሲቲ መጥታ ማስተርሷን ትማራለች። ሁለት ክረምት አምልጧታል። አንዱን እናቷን ስታስታምም፣ አንዱን ራሷ ታማ። ዘንድሮም ካመለጣት ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስገቢያው ነሐሴ 14 ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የኔ ተረት እንግዲህ የዚያን ዕለት ጠዋት ይጀምራል።

ጽሑፉስ አልቋል፤ ታርሞ ላፕቶፗ ውስጥ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ግን፣ ኧረ ተዉኝ! ሽማግሌ ነው። የፍላሽ መግቢያው ተሰብሯል፣ የኢንተርኔት ሽቦ መግቢያው ዝጓል፣ ሲከፈት እንደ ወፍጮ ያጓራል። እኔ ግቢው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ «እኔ ጋ ላኪው» እንዳልላት ጽሑፉ የሚላክበት ገጽ ከግቢው ዋይፋይ ውጪ አይከፈትም። ስለዚህ የእማዋይሽ ፍላጎት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ላፕቶፑ ዋይፋይ ውስጥ ይግባላት። በቃ።

«ዋይፋይ፣ ዋይፋይ፣ ላፕቶፔን አስገባልኝ» አለች። ዋይፋዩም፣ «ላፕቶፕሽ የደህንነት ሰርተፍኬቴን፣ መታወቂያዬን ማለት ነው፣ አላመነልኝም። ሳንተማመን አላስገባም» አለና ቀይ ምልክት ደቀነባት። ዋይፋዩ አላስገባም አለ፤ ላፕቶፑም ደጅ ቀረ።

ወደ ይድነቃቸው ሮጠች። ይድነቃቸው የግቢው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። «ወንድሜ ይድነቃቸው፣ እባክህ ላፕቶፔን እይልኝ፤ ዋይፋዩ አላስገባም አለ!» ይድነቃቸው ዓይኑን ከራሱ ኮምፒውተር ሳያነሳ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳያት። «የግል ዕቃ ያለ ደብዳቤ አይነካም» ይላል። «ከትምህርት ክፍልዎ ደብዳቤ ያምጡ እትዬ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው።» ይድነቃቸው አልነካም አለ፤ ዋይፋዩ አላስገባም አለ፤ ላፕቶፑም ደጅ ቀረ።

ወደ ሰናይት ሮጠች። ሰናይት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ናት። «ሰናይትዬ፣ ደብዳቤ ስጪኝ፤ ይድነቃቸው አልነካም አለ፣ ዋይፋዩ አላስገባም አለ!» ሰናይት አዛኝ ናት፤ ወዲያው ጻፈችላት። ጽፋ ግን ይዛ ቀረች። «ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ምን ደብዳቤ ነው እማዋይሽ? ማኅተሙ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ አቶ ድረስ ኪስ ውስጥ ነው።» ማኅተሙ አልወጣም አለ፤ ሰናይት አልሰጥም አለች፤ ይድነቃቸው አልነካም አለ፤ ዋይፋዩ አላስገባም አለ፤ ላፕቶፑም ደጅ ቀረ።

ወደ አቶ ድረስ ሮጠች። አቶ ድረስ ንብረት ክፍል ውስጥ መዝገባቸውን ገልጠው፣ እጃቸውን አጣምረው ቁጭ ብለዋል። «ጋሼ፣ ቁም ሳጥኑን ይክፈቱልኝ! ማኅተሙ አልወጣም አለ፣ ሰናይት አልሰጥም አለች፣ ይድነቃቸው አልነካም አለ፣ ዋይፋዩ አላስገባም አለ!»

«የእጅ ሰዓቴ ቆሟል» አሉ አቶ ድረስ።

«እና?»

«እና ቁም ሳጥን የተከፈተበት ሰዓት ከነደቂቃው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሰላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።»

«ስልኬ ሰዓት አለው እኮ ጋሼ!»

«የስልክ ሰዓት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። እኔ ባልሞላሁት ሰዓት አልፈርምም።»

እንግዲህ ፍረዱ! ሰዓቱ አልሄድም አለ፤ አቶ ድረስ አልከፍትም አሉ፤ ማኅተሙ አልወጣም አለ፤ ሰናይት አልሰጥም አለች፤ ይድነቃቸው አልነካም አለ፤ ዋይፋዩ አላስገባም አለ፤ ላፕቶፑም ደጅ ቀረ። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ እማዋይሽ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም።

የአቶ ድረስ ሰዓት ያለው ጋሽ ኑርዬ ጋ ነው። ጋሽ ኑርዬ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ሰዓት የሚጠግኑ ጎረቤቴ ናቸው። እማዋይሽ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ስትመጣ አየኋት። «ጋሽ ኑርዬ፣ ሰዓቱን ይጠግኑልኝ! ሰዓቱ አልሄድም አለ፣ አቶ ድረስ አልከፍትም አሉ፣ ማኅተሙ አልወጣም አለ፣ ሰናይት አልሰጥም አለች፣ ይድነቃቸው አልነካም አለ፣ ዋይፋዩ አላስገባም አለ!»

«ወላሂ ልጄ፣ በደስታ ነበር» አሉ። በአንድ እጃቸው መነጽሩን፣ በሌላው የመነጽሩን እጀታ ይዘዋል። «ብሎኗ ወድቃ ጠፋች። ያለ መነጽር የሰው ሰዓት ሆድ ገብቼ አልበጠብጥም።»

ጉድ ፈላ! ብሎኗ ጠፋች፤ መነጽሩ አልቆምም አለ፤ ጋሽ ኑርዬ አልጠግንም አሉ፤ ሰዓቱ አልሄድም አለ፤ አቶ ድረስ አልከፍትም አሉ፤ ማኅተሙ አልወጣም አለ፤ ሰናይት አልሰጥም አለች፤ ይድነቃቸው አልነካም አለ፤ ዋይፋዩ አላስገባም አለ፤ ላፕቶፑም ደጅ ቀረ። በአንዲት ብሎን!

እኔ መሬት ለመሬት እየዳበስኩ ብሎኗን ስፈልግ፣ እማዋይሽ ላፕቶፗን አየችው። ከዚያ ገለበጠችው። ሆዱ ላይ አንዲት ክዳን አለች፤ ክዳኗን የያዘቻት አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። የጋሽ ኑርዬን ትንሿን ካቻቢቴ አንስታ ነቀለቻት፤ እሳቸው በቃል እየመሯት መነጽሩ ላይ አሰረቻት። ልክክ!

ጋሽ ኑርዬ መነጽራቸውን አጠለቁና መጀመሪያ ያዩት የተከፈተውን የላፕቶፕ ሆድ ነው። «ይሄም ሰዓት አለው እንዴ? ባትሪው ሞቷል እኮ!»

«ለካ ለዚህ ነው፣ በከፈትኩት ቁጥር ቀኑ የሚጠፋበት!»

ከጣሳቸው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ አወጡና ከተቱለት። «ብሎን ሰጠሽኝ፣ ባትሪ ሰጠሁሽ፤ እኩል ነን።» ክዳኗን በፕላስተር ለጠፍናት። እማዋይሽ እዚያው ቀኑን ሞላች። ቀን 14፣ ወር 12፣ ዓመት 2017። በየማለዳው ሰሌዳ ላይ ቀን ስትጽፍ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ቀን አትስትም።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ብሎኗ ያዘች፤ መነጽሩ ቆመ፤ ጋሽ ኑርዬ ጠገኑ፤ ሰዓቱ ሄደ፤ አቶ ድረስ «አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ» ብለው መዝግበው ከፈቱ፤ ማኅተሙ ወጣ፤ ሰናይት ሰጠች፤ ይድነቃቸው ነካ፤ ዋይፋዩም...

አላስገባም አለ!

አዎ፣ እኔም እንደናንተ ነው የደነገጥኩት። ይድነቃቸው ቁልፎቹን መታ፣ አጠፋ፣ አበራ፣ እንደገና መታ። «ሰርተፍኬቱ ጊዜው ገና አልደረሰም ነው የሚለው። ከወጣ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው!» ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል።

እማዋይሽ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች። «ሦስተኛ ክረምቴ ነው ይድነቃቸው። እናቴን የቀበርኳት እመረቃለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነው።» ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ያን ጊዜ ይድነቃቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና ብሎ አያት። ዞሮም ቀኑ የሚታይበትን የላፕቶፑን ጥግ አየ።

«እትዬ፣ ይህን ቀን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ! ዛሬ ነሐሴ 14፣ 2017 አይደለም?»

«ነው። ላፕቶፕዎ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ወር 12 ለእሱ ታኅሣሥ አካባቢ ነው፤ ዓመቱም ስምንት ወደ ኋላ ቀርቷል። ለዚህ ላፕቶፕ ሰርተፍኬቱ ገና አልተወለደም!»

እማዋይሽ በእንባዋ መካከል ሳቀች። «ወይ ጉዴ! ራሴ ነኛ ደጅ ያሳደርኩት!» ይድነቃቸው እየነገራት በራሷ ጣት አስተካከለችው። ቀኑ ቀና፤ ሰርተፍኬቱ ተወለደ፤ ላፕቶፑ አመነ፤ ዋይፋዩ አስገባ፤ ጽሑፉ ሄደ። «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው።

እማዋይሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰናይት ከፎቅ ተቀበለቻት፣ ጋሽ ኑርዬ ከበር አጨበጨቡ። አቶ ድረስ ደግሞ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው እልልታውን ከነደቂቃው መዝገቡት ይባላል።

ልትወጣ ስትል ግን በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አየችና ቆመች። «ለመሆኑ ይድነቃቸው፣ ቀን ለማስተካከል ደብዳቤ ያስፈልጋል?»

«ለቀንማ አያስፈልግም።»

«ጠዋትም እኮ ቀኑ ጠፍቶ ነበር።»

ይድነቃቸው አንገቱን ደፋ። «ጠዋት ቀና ብዬ አይቼ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ደቂቃ ነበር» አለ። እሷም አልተቆጣችም፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ወጣች።

በማግስቱ ያ ወረቀት ሥር በእስክሪብቶ የተጨመረ ነገር አነበብኩ፦ «ከደብዳቤው በፊት ግን ቀኑን ላይልዎት። ይድነቃቸው።»

እማዋይሽ ተመረቀች። ላፕቶፑ እስካሁን ክዳኑን በፕላስተር እንዳሰረ ነው፤ «ብሎን ልግዛልሽ» ብላት «ተወው፣ ጋሽ ኑርዬ ዓይን ላይ ናት» አለችኝ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ የዋይፋዬን የይለፍ ቃል ግን እንዳትጠይቁኝ።