ሽቅብ የተቆፈረ ጉድጓድ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ እናንተም አቤት በሉኝ።

ባለፈው ክረምት ጎርፍ ልጁን የወሰደበት አንድ ፍልፈል ነበር። ዘንድሮ ለቀረችው ልጁ መኝታ፣ ከጉድጓዱ በላይ ባለው ጉብታ ውስጥ ሽቅብ ይቆፍር ጀመር።

እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ሆና ሳቀችበት። «አያ ፍልፈል፣ ዘመዶችህ ሁሉ ቁልቁል ሲቆፍሩ አንተ ሽቅብ? ቀለም እንኳ የለህ። የኔን ሰማያዊ ጀርባ አየኸው?»

«ያምራል፣ እመት እንሽላሊት። እኛ ቤት ግን ጨለማ ነው፤ ቀለም የሚያይ የለም» አለና ቁፋሮውን ቀጠለ።

በዚያው ሳምንት ዝናቡ ሜዳውን ኩሬ አደረገው። ሲያባራ ፍልፈል ልጁን ይዞ ወጣ። እንሽላሊት ቀለሟ በብርድ ጠቁሮ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተለጥፋ ነበር። ልጅቷ አጠገቧ ቆማ ሰውነቷን ስታራግፍ የመኝታዋ ደረቅ አቧራ ቦነነ።

እንሽላሊት አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አላት ፍልፈል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ።