ደጅ የማይጠረግበት መንደር

ግራር አፋፍ በሚባለው የቆላ መንደር፣ ማሽላ ከተሰበሰበበት ቀን አንስቶ እስኪዘራ ድረስ ደጅ አይጠረግም። ገለባው፣ ፍጉና ጠጠሩ እንደወደቀ ይከርማል። ከሌላ አገር የመጣች ሙሽራ ሙያዋን ለማሳየት መጥረጊያ ካነሳች አማቷ ከእጇ ይነጥቋታል፤ እንግዳም መሬት መሬቱን ካየ «ምን ጠፋብህ?» መባሉ አይቀርም።

ነገሩ የመጣው ትርንጎ ከምትባል ሴት ነው ይባላል። እንደሚነገረው፣ ጭፍራ ባለፈ ቁጥር የገበሬ እህል በሚዘረፍበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ትርንጎ ባሏ ሞቶባት ከልጆቿ ጋር ቀርታ ነበርና፣ ያላትን የዘር ማሽላ ከባሏ ታናሽ ወንድም ከአይቼው ጋር ሆነው ደጇ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት፤ እርሷም አፉን በአፈር ደፍና ላዩን ጥርግርግ አደረገችው። በሳምንቱ ጭፍራው መጣ፤ ግራ ቀኝ ሳይል በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄዶ ዘሩን አንድ ፍሬ ሳያስቀር ወሰደው።

«ከአንተና ከእኔ በቀር ማን ያውቃል?» አለችው ሽማግሌዎች ፊት።

«የወንድሜ አጥንት ይፋረደኝ፣ ትንፍሽ አላልኩም» አለ አይቼው።

ማንም አላመነውም። እኔም በዚያ ብኖር አላምነውም ነበር። መንደሩ ሰላምታ ሲነፍገው፣ ከራሱ ዘር ግማሹን ለወንድሙ ልጆች ብሎ ደጇ ላይ አስቀምጦ ወንዙን ተሻገረ። ትርንጎ ይህንንም «ጥፋተኛ ባይሆን ምን አስካሰው?» ብላ ጠረጠረችው።

ያን ዘር ቀብራ፣ እንደ ልማዷ ጠርጋ ስታርፍ፣ አንዲት ወገበ ቀጭን ተርብ እግሯ አጠገብ መሬት ስትቆፍር አየች። ተርቧ አረንጓዴ ትል ጎትታ ከጉድጓዷ አስገባች፣ አፉን በአፈር ደፈነች፣ ከዚያ ጠጠርና ስብርባሪ ገለባ እየለቀመች አለበሰችውና በረረች። ትርንጎ ዓይኗን ሳትነቅል ያየችውን ቀዳዳ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ቀና ስትል የራሷ ጉድጓድ በገለባው መካከል እንደ ተላጨ ራስ ጎልቶ ታያት።

«ወይኔ! እኔው ነኝ ያሳየኋቸው!»

ተርብ ሰው ታስተምራለች የሚለውን እኔ እጠራጠራለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ይምሉበታል። ትርንጎ ጉድጓዱ ላይ ፍግና ገለባ በትና፣ ድንጋይ ተሸክማ፣ ወንዙን ተሻግራ አይቼው እግር ላይ ወደቀች። ድንጋዩን ከትከሻዋ አወረደላት።

«ይቅር ብዬሻለሁ እትዬ» አላት፤ «እዚያ ግን አልመለስም። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ዞራችሁ የምታዩት እኔን ነው።»

አለቀሰች፤ አልተመለሰም። የአይቼው ዘሮች ዛሬም ከወንዙ ማዶ ናቸው። እህላቸውን በጎተራ ያስቀምጣሉ፣ ደጃቸውን ጠዋት ማታ ይጠርጋሉ። ግራር አፋፎች ያን ንጹሕ ደጅ ባዩ ቁጥር ግን «ምን ቢደብቁ ነው?» ማለታቸውን እስከ ዛሬ አልተዉም።