የምሳው አዳራሽ ቁልፍ

በአንድ ክልል ምክር ቤት የሠራተኛን ዝቅተኛ ደመወዝ ከፍ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ከቀረበ ሦስት ዓመት ሞላው። በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ገና ሞቅ ሲል ምሳ ይደርሳል። ከምሳ በኋላ ግማሹ አባል ያንቀላፋል፣ ግማሹ ደግሞ ውልቅ ብሎ ይጠፋል፤ ሕጉም ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል።

አፈ ጉባኤው ቦርጫቸው ከወንበራቸው ቀድሞ የሚታይ፣ ሕጉን አምርረው የሚጠሉ ሰው ነበሩ። ዘንድሮም ሲቀርብ ማይኩን ጠጋ አድርገው፣ "ሠራተኛ ከጠገበ ይሰንፋል። ሰውን የሚያሠራው ረሃብ ነው" አሉ። ከዚያ ለአባላቱ ምሳ የምታቀርበውን ሴት አስጠሩ። በዚያ ቤት ከእሷ ያነሰ ደመወዝ የሚበላ አልነበረም።

"ነይ እስቲ ንገሪያቸው። አንቺን በጠዋት የሚያስሮጥሽ ረሃብ አይደለም? ውሸት ነው ካልሽ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።"

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"እውነትዎን ነው፣ ክቡር አፈ ጉባኤ። እኔማ እነዚህ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሕግ እንዴት አቃታቸው እያልኩ ስገረም ነበር። ለካ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እያጠገብኩ አሰነፍኳቸው።"

ከሽርጧ ኪስ ቁልፍ አውጥታ ለሁሉም አሳየች።

"ንግግርዎን ወጥ ቤት ሆኜ በድምፅ ማጉያው ስሰማ የምሳውን አዳራሽ ቆልፌው መጣሁ። ሕጉን ስታጸድቁ ጥሩኝ። ክትፎ ከቆየ አይጥምምና ፈጠን በሉ።"